«በተጠቃሚው ቋንቋ ተናገር»፤ የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር መምሪያ ደንቦች ታሪክና ለቃላት ሥራ የሚያስነሡት ጥያቄ

ኮምፒዩተርን የሚያበጁ መሐንዲሶች፣ መሣሪያው ከሰው ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ሲነድፉ ሊከተሏቸው የሚገቡ ደንቦች ተጽፈው መውጣት ከጀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል። ከደንቦቹ አብዛኛዎቹ የመሐንዲሱ፣ የሥነ ልቡና ሊቁና የሠዓሊው ድርሻ ናቸው። አንዱ ግን በቀጥታ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛው ድርሻ ነው። ይኸውም ሁለቱ የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ሮልፍ ሞሊክና ያኮብ ኒልሰን፣ በ1990 ዓ. ም. ባወጧቸው ዘጠኝ ደንቦች ውስጥ «በተጠቃሚው ቋንቋ ተናገር» በሚል ቃል የሰፈረው ነው። ይህ ደንብ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ዐይነት ጥፋት እያስተማረው እንደ ጸና፣ ወደ አማርኛ ሲመጣም ምን ዐይነት ችግር እንደሚያስከትል ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። «መስተጋብር» ከግእዙ «ገብረ» (ሠራ፣ አደረገ) የወጣ ሲሆን፣ «መስተ» የሚለው ባዕድ መነሻ እርስ በርስ የመሥራትን ወይም የማገናኘትን ስሜት ይሰጠዋል። የሰዋስው መምህራን በ«መስተዋድድ»ና በ«መስተጻምር»፣ ሕዝቡም በ«መስተፋቅር» የለመደው መነሻ ስለ ሆነ ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አልሆነም። ሰውና መሣሪያ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ «በይነ ገጽ» ተብሏል። «ገጽ» የሰው ፊትም፣ የመጽሐፍ ቅጠል አንዱ ወገንም ስለ ሆነ፣ የሚያየውንና የሚነበበውን ነገር ባንድ ቃል መያዙ መልካም አጋጣሚ ነው። በባዕዱ ቋንቋ ያለው ቃል የፊትን እንጂ የንባብን ስሜት አልያዘም።

የታሪኩ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከጆሴፍ ሊክላይደር ይያዛል። ሊክላይደር የሥነ ልቡና ሊቅ ነበር። በ1960 ዓ. ም. በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ የሰውና የኮምፒዩተርን ግንኙነት የገለጸው ከሕይወት ሳይንስ በተዋሰው ቃል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ተደጋግፈው የሚኖሩበትን አኗኗር የሚያመለክት ቃል ነው። ምሳሌውም የበለስ ዛፍና በፍሬዋ ውስጥ የምትኖረው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ ነፍሳቷ ያለ ዛፉ መብል አታገኝም፤ ዛፉም ያለ ነፍሳቷ ዘር አይተካም። የበለስ ዘመድ የሆነውን ሾላን የሚያውቅ የአገራችን ሰው ለዚህ ምሳሌ አስተርጓሚ አያሻውም። «ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገራችን የተወለደው እኮ ከዚያው ፍሬ ውስጥ ካለው ነገር ነው። ልዩነቱ ሊክላይደር ፍሬውን ከፍቶ የውስጡን ሲያደንቅ፣ የእኛ ሰው ግን ሳይከፍት መብላቱን መምረጡ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ደንቦች ብዙዎቹ ኮምፒዩተር ለተጠቃሚው ሾላ በድፍን እንዳይሆንበት የተደነገጉ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሊክላይደር በዚያው ጽሑፍ የራሱን የሥራ ሰዓት መዝግቦ ያገኘውንም ነግሮናል። «ዐሰብሁ» ብሎ ከሚቈጥረው ጊዜ 85 በመቶ ያህሉ ለማሰብ በመሰናዳት፣ ማለትም መረጃ በመፈለግ፣ በማስላትና ሠንጠረዥ በመንደፍ ያልፍ ነበር። ለመሣሪያው ሊሰጥ የፈለገው ይህን ድካም ነበር።

ከእርሱ በኋላ በ1963 ዓ. ም. አይቫን ሰዘርላንድ በብርሃን ብዕር በመስታወቱ ላይ ሥዕል መሣል እንደሚቻል አሳየ። ዳግላስ ኤንግልባርት ደግሞ ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ዓ. ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለ90 ደቂቃ ባደረገው ማሳያ፣ በእጅ እየተገፋ ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ ለሕዝብ አቀረበ። ይህ መሣሪያ በጀርባው ጅራት የመሰለ ገመድ ስለ ነበረው ባልደረቦቹ «አይጥ» አሉት፤ ስሙን በመጀመሪያ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ኤንግልባርት ራሱም ሊያስታውስ አልቻለም። ለጊዜው የተባለ የሥራ ቤት ቀልድ በዚህ መንገድ የዓለም ስያሜ ሆነ። ገመዱ ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ከጠፋ በኋላም ስሙ ቀርቷል። አማርኛው «መዳፊት» በጅራቱ ፈንታ የሰውን መዳፍ መያዙ፣ በእኔ ግምት፣ ከዋናው የተሻለ ስያሜ ነው። አንድ ስያሜ ሲወጣ በነገሩ አላፊ ጠባይ ላይ ሳይሆን በጸና ጠባዩ ላይ መመሥረት ይገባዋል።

ደንብ ተብሎ በዝርዝር የተጻፈ ነገር የምናገኘው ግን ከ1971 ዓ. ም. ጀምሮ ነው። ዊልፍሬድ ሀንሰን የተባለ አሜሪካዊ ኤሚሊ የሚል ስም የሰጠውን የጽሑፍ ማረሚያ ሲያበጅ የተከተላቸውን መርሖች በአራት ክፍል አድርጎ አቀረበ። የመጀመሪያው «ተጠቃሚውን ዕወቅ» የሚል ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው በቃሉ የሚይዘውን ነገር ማሳነስ፣ ሦስተኛው ሥራውን ማቀላጠፍ፣ አራተኛው ስሕተት እንደሚኖር ዐውቆ መሥራት ነው። በሁለተኛው ሥር ሀንሰን «በቍጥር ፈንታ ስም» የሚል ንዑስ ደንብ አኑሯል። ይህች ሁለት ሐረግ እንደ ዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። እስከዚያ ዘመን ድረስ ብዙው ነገር ለመሣሪያው የሚነገረው በቍጥር ነበርና፤ ስም የሚለው ነገር ሲገባ ማን ያውጣው፣ በምን ሚዛን ይውጣ የሚለው ጥያቄ አብሮ ገባ።

በ1970ዎቹ ዓመታት የዜሮክስ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባቋቋመው የምርምር ማእከል የተደረገው ሥራ ይህን ጥያቄ በተግባር የፈተነ ነው። በማእከሉ ብራቮ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ነበር። ብራቮ በሁለት ኹኔታ ይሠራ ነበር፤ ባንደኛው ኹኔታ የሚመታው ፊደል ጽሑፍ ሲሆን፣ በሌላው ግን ያው ፊደል ትእዛዝ ነው። ተጠቃሚው መሣሪያው በየትኛው ኹኔታ ላይ እንዳለ ረስቶ በእንግሊዝኛ «ኤዲት» የሚለውን ቃል አራት ፊደሎች ቢመታ፣ አንደኛው ፊደል ጽሑፉን ሁሉ ይመርጣል፤ ሁለተኛው የተመረጠውን ያጠፋል፤ ሦስተኛው አዲስ ጽሑፍ ማስገባት ይጀምራል፤ አራተኛው ፊደል ብቻውን በባዶው ገጽ ላይ ይጻፋል። «አርም» ለማለት የተመታ ቃል መላውን ድርሰት አጥፍቶ አንዲት ፊደል ያስቀር ነበር ማለት ነው። ላሪ ቴስለር የተባለው ባለሙያ ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ያለውን የኹኔታ መለዋወጥ ሲቃወም ኖሯል፤ የመኪናውን ሰሌዳ እንኳ ይህንኑ ተቃውሞ የሚናገር አድርጎት ነበር።

ቴስለርና ቲም ሞት ጂፕሲ የተባለውን ማረሚያ የሠሩት የዜሮክስ ንብረት ለነበረ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት አዘጋጆች ነው። አዘጋጆቹ በጊዜው ጽሑፍን የሚያርሙት በመቀስ እየቈረጡ በሙጫ እየለጠፉ ነበር። ስለዚህ «ቍረጥ» እና «ለጥፍ» የሚሉት ቃላት ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ አልመነጩም፤ ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ተወሰዱ እንጂ። «በተጠቃሚው ቋንቋ ተናገር» የሚለው ደንብ ቃሉ ከመጻፉ ከ15 ዓመት ያህል በፊት በሥራ ላይ ውሎ ነበር። የእኛ አማርኛ ሁለቱን ቃላት እንዳሉ ሲተረጕማቸው ትርጕሙን እንጂ ታሪካቸውን አልወረሰም፤ ሆኖም ቃላቱ ግልጽ ስለ ሆኑ አልተጎዳም።

ከዚያ የተወለደው ስታር የተባለው ኮምፒዩተር በ1981 ዓ. ም. ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከ16,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ገዢው ጥቂት ሆነ። ሠሪዎቹ ግን በ1982 ዓ. ም. የተከተሏቸውን መርሖች ጽፈው አተሙ። ከእነርሱም ተጠቃሚው ከሚያውቀው ነገር መነሣት፣ በቃል ከመያዝና ከመጻፍ ይልቅ ማየትና መጠቈም፣ በመስታወቱ የሚታየውና የሚታተመው አንድ መሆን፣ ትእዛዞች በሁሉም ቦታ አንድ ዐይነት መሆን የሚሉት ይገኙባቸዋል። የመጨረሻው ለቃላት ሠራተኛ ልዩ ትርጕም አለው። ስታር ላይ «ቅዳ» የሚለው አንድ ትእዛዝ ጽሑፍንም፣ ሥዕልንም፣ ሰነድንም ይቀዳ ነበር፤ አንድ ቃል አንድ ትርጕም ይዞ በሁሉም ዐውድ እንዲሠራ ተደረገ።

በዚያው ዘመን አፕል ኩባንያ ሊሳን ሲያሰናዳ የደረሰው ነገርም መነገር አለበት። ትእዛዝን የሚያጸድቀው ቍልፍ በእንግሊዝኛ «አድርገው» የሚል ሁለት ቃል ተጽፎበት ነበር። መሣሪያውን ይሞክሩ ዘንድ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ፣ ሁለቱ ቃላት በመስታወቱ ላይ እጅግ ተቀራርበው ስለ ተጻፉ፣ «ደንቈሮ» የሚል ስድብ አድርጎ አነበባቸውና ቅር ተሰኘ። ሠሪዎቹም ቃሉን ትተው ዛሬ በየቦታው የምናየውን «እሺ» አኖሩ። «እሺ» ማንንም አያስቀይምም፤ ነገር ግን እሺ የተባለው ምን እንደ ሆነ አይናገርም። አሁን ያሉት ጥሩ ንድፎች «ላክ»፣ «አትም»፣ «ሰርዝ» እያሉ ድርጊቱን በስሙ መጥራትን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

መሣሪያው ስሕተት ሲነግር የሚጠቀምበት ቋንቋ ከሁሉ የከፋ ነበር። ዶናልድ ኖርማን በ1981 ዓ. ም. ዩኒክስ የተባለውን ሥርዐት ሲነቅፍ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ የትእዛዞቹ ስያሜ ነው፤ ሰነድን ለማሳየት የሚያገለግለው ትእዛዝ ለእንግሊዝኛ አንባቢ «ድመት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ቤን ሽናይደርማን ደግሞ በ1982 ዓ. ም. ባሳተመው ጥናት «ሕገ ወጥ»፣ «ገዳይ ስሕተት» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት ከመልእክቶች እንዲወጡ ጠየቀ። አንድ ጸሓፊ ነጠላ ሰረዝ ስላጐደለ «ሕገ ወጥ» ሊባል አይገባውም። በአማርኛ ቢሆን ቃሉ የፖሊስ ጣቢያን ነው የሚያስታውሰው።

ነገሩ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በ1986 ዓ. ም. በቴክሳስ ግዛት በታይለር ከተማ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። ቴራክ 25 የተባለ በካናዳ የተሠራ የካንሰር ጨረር ማከሚያ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነበር። በመጋቢት ወር ባለሙያዋ የጨረሩን ዐይነት በስሕተት ጽፋ ወዲያው አረመችና ሕክምናውን አስጀመረች። መሣሪያው ቆመ፤ በመስታወቱም ላይ «ብልሽት 54» የሚል ጽሑፍ ታየ። በመሣሪያው ጎን የተለጠፈው ወረቀት ስለዚህ ቍጥር የሚለው «የመጠን ግብዓት 2» ብቻ ነበር። በመምሪያው መጽሐፍም ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። ከታዘዘው 202 መለኪያ የተሰጠው 6 ብቻ እንደ ሆነም መስታወቱ ያመለክት ነበር። መሣሪያው በጥቃቅን ምክንያት መቆም የለመደ ስለ ነበረ ባለሙያዋ «ቀጥል» የሚለውን ፊደል መታች። በሽተኛው ግን አስቀድሞ እጅግ የበዛ ጨረር ተቀብሎ ነበርና ሁለተኛ ተመታ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፈ። ከ1985 እስከ 1987 ዓ. ም. በዚህ ዐይነት መሣሪያ ስድስት አደጋዎች ደርሰዋል። የአደጋዎቹ ሥር በመሣሪያው ፕሮግራምና በደኅንነት አጠባበቁ ውስጥ ያለ ጕድለት እንጂ ቃል ብቻ አልነበረም። ሆኖም «ብልሽት 54» በሚለው ፈንታ «የጨረሩ መጠን አልታወቀም፤ አይቀጥሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ የባለሙያዋ ጣት ወደዚያ ፊደል ይሄድ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

አሁን የኛን ሥራ በቀጥታ ወደሚነካው ጥናት እንድረስ። በ1987 ዓ. ም. ጆርጅ ፈርናስና ሦስት ባልደረቦቹ፣ ቶማስ ላንዳወር፣ ልዊ ጎሜዝና ሱዛን ዱሜ፣ ሰዎች ለአንድ ነገር ወይም ለአንድ ድርጊት በራሳቸው ፈቃድ ምን ስም እንደሚሰጡ በአምስት መስክ መረመሩ። የጽሑፍ ማረሚያ ድርጊቶችና የምግብ አሠራር ዝርዝሮች ከመስኮቹ መካከል ነበሩ። ውጤቱ ሠሪዎችን ያስደነገጠ ነው፤ ሁለት ሰዎች ለአንድ ነገር አንድ ዐይነት ስም የመምረጣቸው ዕድል በአምስቱም መስክ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። አንድ ሠሪ የወደደውን አንድ ቃል ብቻ ቢያኖር፣ ብዙ ጊዜ ካሥር ሙከራ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ይከሽፋል። መድኀኒት ብለው ያቀረቡትም መሣሪያው የሚቀበላቸው ተለዋጭ ስሞች ያለ ገደብ እንዲበዙ ነው።

ለስያሜ ሥራ ይህ ምን ማለት ነው? አካዳሚዎች የሚደክሙት ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ ለማጽናት ነው፤ ፈርናስና ባልደረቦቹ ግን አንዱ ስያሜ ምንም ያህል ቢመረጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣውን ሰው በብዛት እንደሚያስት አሳዩ። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የስያሜ ማጽናት ሥራ ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥናቱ የሚናገረው ሰው ቃሉን ከልቡ አውጥቶ እንዲጽፍ ሲጠየቅ ስለሚሆነው ነው። ቃሉ በፊቱ ተጽፎ ሲያየው ማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ ይህንንም ሀንሰንና የስታር ሠሪዎች አስቀድመው ተናግረዋል። ስለዚህ በሚታየው ቍልፍ ላይ አንድ የጸና ስያሜ፣ በሚፈለገው ውስጥ ደግሞ ብዙ ተለዋጭ መኖር ይችላል። የስያሜ ኮሚቴ የጣላቸውን ቃላት ማኅደር መጣል የለበትም ማለት ነው፤ ያልተመረጠው ቃል ለፈላጊው መግቢያ በር ነውና።

በአማርኛ ይህ ጉዳይ ከቃል ዐልፎ ወደ ሆሄ ይደርሳል። ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆህያት ስላሉን «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ፣ በመጀመሪያው ቦታ ሁለት፣ በሁለተኛው ቦታ ስድስት አማራጭ ስላለው፣ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። መሣሪያው ሆህያቱን እንደ ተለያዩ የሚቈጥር ከሆነ በአንዱ የጻፈ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። ሥርወ ቃልን ጠብቆ መጻፍ የሚወደድ ነገር ቢሆንም፣ ያልጠበቀውን ሰው መሣሪያው በሩን ሊዘጋበት አይገባም።

ኒልሰን በ1994 ዓ. ም. 249 የአጠቃቀም ችግሮችን መርምሮ ደንቦቹን ዐሥር አድርጎ ሲያድሳቸው «በተጠቃሚው ቋንቋ ተናገር» የሚለው «ሥርዐቱ ከገሐዱ ዓለም ጋር ይጣጣም» በሚል ሰፋ ባለ ቃል ተተካ። ጠቢባን ያወድሱታል፤ ለእኔ ግን የፊተኛው ይሻለኝ ነበር። ኒልሰን በ1993 ዓ. ም. መጽሐፉ መሣሪያው በተቻለ መጠን በተጠቃሚው የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲናገር ጠይቆ ነበርና፤ ይህ ግዴታ በአዲሱ አነጋገር ደብዝዟል።

ለአማርኛ ይህ ግዴታ የሚፈጸምበት መንገድ የተጠረገው የግእዝ ፊደል በ1999 ዓ. ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ሲገባ ነው። ዩኒኮድን በ1988 ዓ. ም. በሰነድ ያቀረበው ጆ ቤከር ቀደም ሲል በዚያው በስታር ላይ ብዙ ቋንቋዎችን ስለ መጻፍ የደከመ ሰው መሆኑ የታሪኩን ሐረግ ያያይዘዋል። ፊደሉ ከገባ በኋላ በይነ ገጾችን ወደ አማርኛ መመለስ ተጀመረ፤ ያን ጊዜም በእንግሊዝኛ ያልነበሩ ሁለት ችግሮች ብቅ አሉ።

አንደኛው የአንቱታ ችግር ነው። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታም፣ ቍጥርም፣ አክብሮትም የለውም። አማርኛው ግን «ሰርዝ»፣ «ሰርዢ»፣ «ሰርዙ»፣ «ይሰርዙ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ አፉን አይከፍትም። ምርጫው ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ በመለየት ይወሰናል። በቍልፍ ላይ ያለው ቃል በሰውየው አፍ ያለ ነው፤ ሰውየው መሣሪያውን ያዝዛል፤ ስለዚህ «ሰርዝ» ማለት ነውር የለበትም። መልእክት ሲሆን ግን ተናጋሪው መሣሪያው ነው፤ ሰውየውን «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ሊለው ይገባል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትም ይኸው ነው። ችግሩ በመፈለጊያው ሳጥን ላይ «ፈልግ» ተብሎ ሲጻፍ ነው፤ ሽማግሌው አንባቢ መሣሪያው እርሱን «አንተ» ያለው ይመስለዋል። «ማጥፋት»፣ «መፈለግ» እያሉ በንዑስ አንቀጽ መጻፍ ክርክሩን ያስቀራል፤ ነገር ግን ትእዛዙን ወደ ርእስነት ስለሚለውጠው፣ ቢነኩት የሚሠራ ቍልፍ መሆኑ ይደበዝዛል። በእኔ አስተያየት ንዑስ አንቀጽ ለሳጥኑ፣ ትእዛዝ አንቀጽ ለቍልፉ ቢመደብ ይበጃል።

ሁለተኛው ችግር «ሰረዘ» የሚለው ግሥ ነው። በመዝገብ ላይ መሥመር አስምሮ ማስቀረት የነበረው ትርጕሙ ሰፍቶ፣ ዛሬ ሰነድም ይሰረዛል፤ ቀጠሮም፣ በረራም ይሰረዛል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። አንድ ተርጓሚ ሁለቱንም «ሰርዝ» ብሎ ቢመልስ፣ «ይህ ሰነድ ይሰረዝ?» ከሚል ጥያቄ በታች «ሰርዝ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቍልፎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ የዓመት ሥራ ያጠፋል፤ ሌላው ያድናል። «አጥፋ» ለመጀመሪያው ይሁን እንዳይባል፣ መብራትና ስልክ ማጥፋት ይጋጭበታል። ስለዚህ «ሰርዝ» ለሰነዱ፣ «አጥፋ» ለኀይል፣ «ይቅር» ለሐሳብ መለወጥ ተለይተው ቢጸኑ መልካም ነው። «ይቅር» አንተም አንቱም ሳይል ነገሩን በሦስተኛ አካል ስለሚያስቀር ከፊተኛው ችግርም ነጻ ነው።

ቀሪው የተደረገውን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ትእዛዝ ነው። «መልስ» የሚለው ከጥያቄ መልስ ጋር ይጋጫል፤ «ሻር» የሹመትና የፍርድ ነው። «ቀልብስ» ግን የተዘረጋውን ልብስ ጠርዝ ወደ ኋላ ከማጠፍ የመጣ ሆኖ፣ የተደረገው ጨርሶ እንዳልጠፋና ዳግም ሊዘረጋ እንደሚችል ያመለክታል። መሣሪያውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቃሉ በአንዳንድ በይነ ገጾች ላይ ገብቷል፤ ለጸሓፊዎች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች ድርጊቱን በሥዕል እያሳዩ፣ ፈርናስና ባልደረቦቹ እንዳደረጉት፣ ምን እንደሚሉት መጠየቅና መልሱን በካርድ መመዝገብ ግን ገና የሚቀር ሥራ ነው።